ስለ አሮጌው ኬ 240፣ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በርሊን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሽውን ሄድፎን ፎቶውን አየሁት። ኤ ኬ ጂ ኬ 240 ሴክስቴት ነው፤ ቪየና የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ለስቱዲዮ የወጣ፣ 600 ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም ልኬቱ)። የጆሮ ትራሱን ስታነሺ በመሃሉ ድራይቨር (ድምፁን የሚያወጣው ክፍል) ዙሪያ ስድስት ትናንሽ ክብ ሽፋኖች ታያለሽ። እነሱ ሽቦም ማግኔትም የላቸውም፤ ዋናው ድራይቨር አየሩን ሲገፋ አብረው እየተርገበገቡ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ያግዛሉ። በኋላ የወጡት ኬ 240ዎች ይህ ስለሌላቸው ጥሩ ዕቃ ነው የያዝሽው።

«ቤዝ የለውም፣ ቀኙም እየጠፋ ይመጣል» ብለሽኛል። ድራይቨሩ ሞቷል ብለሽ አትደምድሚ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሄድፎን ድምፁ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የትራሱ ወይም የገመዱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሳትጨርሺ ምንም ነገር ለማሻሻል አትነሺ።

መጀመሪያ ካቻቢቴውን ተይውና ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዢ። ጃኩ (የገመዱ መሰኪያ) ላይ ጫፉ ግራ፣ መሃል ያለው ቀለበት ቀኝ፣ ከሥር ያለው ረጅሙ ክፍል ለሁለቱም የጋራ ነው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገሽ ከጫፉ ወደ ሥሩ፣ ቀጥሎም ከቀለበቱ ወደ ሥሩ ለኪ። ከ600 ትንሽ ዝቅ ቢል አትጨነቂ፤ 600 የተባለው በድምፅ ሞገድ የሚለካው ኢምፒዳንስ ሲሆን ቴስተር ግን የሚለካው በባትሪ ኤሌክትሪክ ነው። ቁም ነገሩ ሁለቱ ጎኖች መቀራረባቸው ነው፤ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ንገሪኝ። ሄድፎኑን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ስትለኪ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ያኛው ጎን ድራይቨር ይሠራል ማለት ነው።

የሚጠፋውን ቀኝ እየለካሽ ገመዱን መጀመሪያ ከጃኩ አንገት ሥር፣ ከዚያ ወደ ግራው ቤት (ድራይቨሩ የተቀመጠበት የጆሮ ክፍል) ከሚገባበት ቦታ ላይ ቀስ ብለሽ እጠፊው። የቀኙ ሽቦ ከግራው ቤት ተነስቶ በራስ ላይ ባለው ቅስት በኩል ስለሚሻገር ቅስቱንም ነቅነቅ አድርጊው። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። ጃኩ አንገት ላይ ከሆነ 4 ሴንቲሜትር ያህል ቁረጪና አዲስ ጃክ ግጠሚ። ሶልደር ከማድረግሽ በፊት የጃኩን ሽፋን ገመዱ ላይ አስገቢ፤ ይህን የረሳ ሁሉ የበየደውን ፈትቶ ከሀ ይጀምራል።

የድሮ ሄድፎን ገመድ ውስጥ ያለው ሽቦ ፀጉር የመሰለ፣ በቫርኒሽ የተቀባ፣ አንዳንዴም ከክር ጋር የተጠማዘዘ ነው። ቫርኒሹ ካልተቃጠለ ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው) አይዝም፤ የያዘ ቢመስልም ቆይቶ እየተቆራረጠ ያስቸግርሻል። የመበየጃውን ብረት 370 ዲግሪ ላይ አድርጊ፣ ጫፉ ላይ የሊድ ጠብታ ፍጠሪ፣ የሽቦውን ጫፍ ጠብታው ውስጥ ጥቂት ሰከንድ አቆይው። ሽቦው ዙሪያውን ካብለጨለጨ ደርሷል። መስኮት ክፈቺ፣ ጭሱን አትሳቢው። ድራይቨሩ ላይ ስትበይጂ ግን ከሦስት ሰከንድ በላይ አትቆዪ፤ መያዣው ፕላስቲክ ስለሆነ ይቀልጣል፣ ከጎኑ ያለችው የጥቅልሉ ሽቦም አንዴ ከተበጠሰች አትጠገንም።

አሁን ወደ ቤዙ። ዘፈን ከፍተሽ ትራሶቹን በመዳፍሽ ወደ ጆሮሽ ጫን አድርጊያቸው። ቤዙ ከመጣ ድራይቨሩ ጤነኛ ነው፤ አየር የሚያሾልከው ትራሱ ነው። ሰው ሠራሹ ቆዳ ሲያረጅ ይደርቅና ከጉንጭሽ ጋር አይገጥምም፤ በዚያች ክፍተት መጀመሪያ የሚያመልጠው ዝቅተኛው ድምፅ ነው። የመነጽርሽ ክንድም ያንኑ ያደርጋል፤ ስትፈትሺ አውልቂው። ለኋለኞቹ ኬ 240ዎች የሚሸጠው ትራስ ይገጥመዋል። ስትመርጪ ግን ሁለት ነገር እይ፦ የመሃሉ ክፍት ቦታ ስድስቱን ሽፋኖች እንዳይጋርድ፣ ውፍረቱም ከድሮው ብዙ እንዳይርቅ። ወፍራም ትራስ ጆሮሽን ከድራይቨሩ ስለሚያርቅ የድምፁ ሚዛን ይለወጣል። ከፋይ የተሠራው ለቆዳ ይመቻል፤ ግን አየር ስለሚያሳልፍ ቤዙን ይቀንሳል። እኔ ለዚህ ሄድፎን ሰው ሠራሽ ቆዳውን እመርጣለሁ። አዲሱ አልገባ ካለሽ ጠርዙን በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቂው፣ ይለሰልሳል።

ትራሱ ሥር ያለው ስስ ስፖንጅ ስትነኪው የሚፈረፈር ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልግሻል። ሄድፎኑን ፊቱን ወደ ታች አዙረሽ ያዢና ከሥር ሆነሽ በወረንጦ ጥቂት ጥቂት እያልሽ ልቀሚ፤ ፍርፋሪው ወደ ጠረጴዛው ይውደቅ እንጂ ወደ ድራይቨሩ አይግባ። የቀረውን በደረቅ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረጊ። በአፍሽ አትንፊ፣ የታመቀ አየር የሚረጭ ቆርቆሮም አትጠቀሚ፤ ግፊቱ ሽፋኖቹን ያጨማድዳል። አልኮል ለፕላስቲኩ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ዲያፍራሙንም (የድራይቨሩን ስስ ሽፋን) ሆነ ቤቱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ እንዳይነካ። በምትኩ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነ፣ ስትነፊበት ትንፋሽሽ በቀላሉ የሚያልፍበት ስፖንጅ በክብ ቆርጠሽ አስገቢ። ድፍኑ ስፖንጅ ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል።

የራስ ማሰሪያው እየወረደ ካስቸገረሽ ውስጡ ያለው ላስቲክ ልሟል፤ ልብስ ሰፊ ቤት የሚገኝ ቀጭን ክብ ላስቲክ ይበቃል። ሁለቱን ወገን እኩል ቁረጪ።

ስልክሽ ላይ ሰክተሽ «ድምፁ አነስተኛ ነው» ማለትሽ ትክክል ነው፤ ሄድፎኑ ግን ጥፋት የለበትም። ስልክ 1 ቮልት ቢሰጥ 600 ኦም ላይ የሚደርሰው 1.7 ሚሊዋት ገደማ ነው፤ 5 ቮልት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ግን 42 ሚሊዋት ያህል ያደርሳል። ውድ ነገር አትግዢ። እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ ወይም የ80ዎቹ ሪሲቨር (ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ላይ ያለበት) ካገኘሽ የሄድፎን ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከስፒከሩ መውጫ በሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ዕቃ) የተቀዳ ነው፤ ያ ሬዚስተር ለ32 ኦም ሄድፎን ችግር ቢሆንም ለ600 ኦም ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስትሰኪ ድምፁን ወደ ዜሮ አውርጂ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በ3 ዴሲቤል በጨመርሽ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጆሮሽን አደራ።

ማሻሻል ካማረሽ የምስማማበት አንድ ነገር ነው፦ ገመዱን የሚነቀል ማድረግ። ባለ ሦስት እግር ሚኒ ኤክስ ኤል አር የሚባል መሰኪያ ግዢ፤ እግር 1 የጋራው፣ 2 ግራ፣ 3 ቀኝ። በዚህ አደራረግ የኋለኞቹ ኬ 240ዎች ገመድ በቀጥታ ይሰካበታል። ቀዳዳውን በትራፓኖ በአንዴ አታስፊው፤ በትንሹ ጀምረሽ በሞረድ አስፊ። ከዚያ በፊት ድራይቨሩን አውጥተሽ አርቂው፤ ማግኔቱ የብረት ብናኝ ከሳበ መጥረግ አይቻልም። ከኋላ ጨርቅና ጥጥ መጠቅጠቁ ግን ይቅርብሽ። ይህ ሄድፎን ግማሽ ክፍት ነው፤ አየሩ መተንፈሻ ካጣ ስድስቱ ሽፋኖች ሥራ ይፈታሉ። መሞከር ካለብሽ ትንሽ ቁራጭ ፌልት በወረቀት ፕላስተር ብቻ በአንዱ ጎን ለጥፊና ከሌላው ጋር አወዳድሪ። ኮላ አይንካው።

ስትጨርሺ በሞኖ የተቀዳ (በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው) የድሮ ሸክላ ክፈቺ፣ ለምሳሌ የጥላሁን ገሠሠን። ድምፁ ከጭንቅላትሽ መሃል ፍንክች ማለት የለበትም። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ሄድፎኑን ገልብጠሽ አድርጊው፤ ማጋደሉም አብሮ ከተገለበጠ ጥፋቱ የሄድፎኑ ወይም የአምፕሊፋየሩ ነው፣ ባለበት ከቀረ የጆሮሽ። ድምፁ የትም ሳይቆም ከተበተነና ቤዙ ከጠፋ የአንዱን ድራይቨር ሁለት ሽቦዎች አቀያይረሽ በይደሻል፤ መልሺያቸው። ከዚያ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ በዝቅታ አጫውቺ። የሆነ ቦታ ላይ ብዝዝ ካለ ዲያፍራሙ ላይ ፀጉር አለ፤ በብርሃን ፈልገሽ በወረንጦ አንሺው።

ያወጣሽውን አሮጌ ትራስና ገመድ አትጣይ፤ በላስቲክ ከረጢት አስቀምጪው። የትራሱን ትእዛዝ ከመላክሽ በፊት ሁለቱን የኦም ቁጥሮችና ትራሱ የተነሳበትን ፎቶ ላኪልኝ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

አባትሽ