ስለ እታባ የአርባ ቀን መታሰቢያ

ለቤተ ዘመድ ማኅበራችን አባላት፣

ሁላችንም «እታባ» እያልን የምንጠራቸው አክስታችን ካረፉ አርባ ቀን ሊሞላ ስለሆነ፣ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ጸሎተ ፍትሐት ይደረግላቸዋል። ከዚያም በቤታቸው ለጠበል ጸዲቅ እንድትገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እታባን የማያውቁ ሕፃናት በማኅበራችን ስላሉ ጥቂት ልጻፍ። ጥር 10 ቀን፣ ከተራ ሲደርስ፣ ጉልበታቸው ከደከመም በኋላ ታቦታቱን ተከትለው እስከ ዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር በእግራቸው ይወርዱ ነበር፤ እዚያው አድረው፣ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የገባው ውኃ ንጋት ላይ ሲባረክ፣ እልልታቸው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ተለይቶ ይሰማ ነበር። በማኅበር ቀን ሁለት የተኳረፉ ዘመዶች ካዩ ደግሞ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ይቀመጡና እስኪታረቁ ድረስ ማንንም አያስወጡም፤ እኔና ታላቅ ወንድሜም የታረቅነው በዚያ በር ነው።

ባለፈው ከተራ እንድሸኛቸው ጠይቀውኝ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ቀረሁ። ብቻቸውን ሄዱ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከበሯቸው ቤታቸው ውስጥ እንደተሰቀለ ነው፤ ጠፍሩ ግን ላልቷል። ለመጪው ጥምቀት የልጅ ልጆቻቸው ይዘውት እንዲወጡ፣ ጠፍር መወጠር የምታውቁ አባላት እሑድ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል።