አባ ጳውሊን አየርላንድ ገጠር ውስጥ አየኋቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የጉዞ ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ስለ አየርላንድ ስትጽፉ ግን ከደብሊን አትወጡም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

እዚህ አገር የመጣሁት ልጄን ልጠይቅ ነው። ነርስ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ትሠራለች። ሁለት ወር ሙሉ ያየሁት ሱቅ፣ ድልድይና የአውቶብስ ፌርማታ ነው። ሙን በምትባል የገጠር መንደር የድሮ ገዳም እንዳለ ሰምቼ ስለነበር አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጠየቅን። ወደ ሙን መኪና የለንም፣ ደግሞ እዚያ ምን አለ ብላችሁ ነው አሉን። ልጄ ተናደደች። ቅዳሜ እረፍት ስታገኝ በራሷ መኪና ይዛኝ ሄደች።

በኤም 9 መንገድ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሙን ኪልዴር አውራጃ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከዋናው መንገድ ወጥተን በጠባብ መንገድ ገባን። ካፊያ ነበር፤ በጎቹ ከምንም አልቆጠሩትም። የድሮው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛፎች መሀል ቆሟል። ግድግዳው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይላሉ። ውስጡ የቆመው የድንጋይ መስቀል ግን ከእሱም በዕድሜ በጣም ይበልጣል፤ 9ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተጠረበ ነው። ቦታው ቀድሞ በቅዱስ ኮለምኪል ስም የሚጠራ ገዳም ነበር። መስቀሉን ዝናብ እንዳይበላው አሁን ከላይ ጣሪያ ሠርተውለታል። ትኬት የለ፣ ጠባቂ የለ። ገፍተሽ መግባት ብቻ ነው።

ቁመቱ ከአምስት ሜትር ይበልጣል። ቀጭን ነው፤ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ነው የምታይው። እኔን የያዘኝ ግን እግሩ ነው። የመስቀሉ መሠረት በአራቱም ጎን ሥዕል ነው። ግራናይት ደግሞ ለመጥረብ አስቸጋሪ ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ ጠራቢው ነገሩን አቅልሎ ሠርቶታል። 12ቱ ሐዋርያት አራት አራት ሆነው በሦስት ረድፍ ቆመዋል። ሰውነታቸው እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን ነው፤ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ሁሉም ወደ አንቺ የሚያዩ። ፊት የሚሞላ ዓይን ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውጭ አይቼ ስለማላውቅ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ዞር ስል ዳንኤልን አገኘሁት። አንበሶቹን ቆጠርኳቸው፤ ሰባት ናቸው። በሌላው ጎን ሠለስቱ ደቂቅ እሳት ውስጥ ናቸው፤ መልአኩ ክንፉን ዘርግቶላቸዋል። ታኅሣሥ 19 የምናከብረው ታሪክ ማለት ነው። ከእሱ ሥር እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ ትሰደዳለች። ከዚያ በታች አምስቱ እንጀራና ሁለቱ ዓሣ አሉ፤ አጠገባቸው እባብ የሚመስል ረጅም ነገር ሁለት አለ። እሱም ኢል የሚሉት ዓሣ ነው። ጠራቢው ከሰፈሩ ወንዝ የሚያውቀውን ጨምሮበት መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ሰሜኑ ጎን ሄድኩ። ሁለት ሰዎች ትይዩ ተቀምጠዋል። መሀላቸው ወፍ አለ፤ እንጀራ ይዟል። ሰሌዳ ላይ ምን እንደተጻፈ አላየሁም፤ ማየትም አላስፈለገኝም። አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ ናቸው! ልጄን በጩኸት ጠራኋት።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ የካቲት 2 ስንክሳሩን ሲያነቡ ሰምቼ ነው ያደግኩት። አባ ጳውሊ በግብጽ በረሃ ብቻቸውን ሲኖሩ ቁራ በየቀኑ ግማሽ እንጀራ ያመጣላቸው ነበር። አባ እንጦንስ ሊጠይቋቸው የመጡ ዕለት ሙሉ እንጀራ አመጣ። ይኸው ታሪክ ከግብጽ ስንት አገር አልፎ፣ አረንጓዴ የገጠር መንደር ውስጥ፣ ከሺህ ዓመት በፊት ድንጋይ ላይ ተጠርቧል። ቁራውን በእጄ ዳሰስኩት። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

ይህ መስቀል ጠፍቶም ነበር። መሠረቱና አናቱ እ.ኤ.አ. በ1835 እዚያው መቃብሩ ግቢ ከመሬት ሥር ተቆፍረው ወጡ። የመሀሉ ግንድ የተገኘው በ1893 ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሦስቱ ተገጣጥመው እንዲህ የቆሙት።

ከዚያ ካስልደርሞት ሄድን፤ በመኪና ቅርብ ነው። እዚያ ሁለት የድንጋይ መስቀሎችና አንድ ክብ ግንብ አለ። አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ እዚያም አሉ። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የከተማዋ የጥንት ስም ነው፤ ዲሰርት ዲያርማዳ ይባል ነበር። የዲያርማድ በረሃ ማለት ነው። ሣሩ ጉልበት የሚደርስበት፣ ዝናብ የማያባራበት አገር መነኮሳቱ ብቻቸውን የሚኖሩበትን ቦታ በረሃ አሉት፤ የግብጾቹን አባቶች እያሰቡ ነዋ። የእኛስ "ገዳም" በግዕዙ ምድረ በዳ፣ ሰው የማያርሰው ዱር ማለት አይደል? ልጄ ይህን አታውቅም ነበር። መኪና ውስጥ እስክንደርስ ድረስ ስለዚህ ብቻ አወራን።

ስንመለስ ባሊቶርን አልፈን አየናት። ኩዌከር የሚባሉ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች የመሠረቷት መንደር ናት። ፖለቲከኛው ኤድመንድ በርክ በልጅነቱ የተማረው እዚያ ነው። ጊዜ ስላልነበረን አልወረድንም።

አዘጋጅ ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው። አየርላንድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ስትመጡ ልጆቻችሁ ሙን እንዲወስዷችሁ ጠይቁ። እዚህ አገር ያላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችም ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያወሩት ልጆች ስንክሳር አንብቡ ቢባሉ ይከብዳቸዋል፤ ቁራውን ግን በጣታቸው ያሳያሉ። የእጅ ባትሪ ወይም ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። ብርሃኑን ከጎን ስታበሩበት ጥላ ይሠራል፤ ፊት ለፊት ከበራ ግን ሥዕሉ ይጠፋል።

ልጄ ያነሳቻቸውን ስድስት ፎቶዎች ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ቦታ ከጠበባችሁ የመንደሩንና የእኔን ተዉት፤ የቁራውን ብቻ አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ደብሊን