የገና ሰሞን ከጄሲካ ፍሌቸር ጋር

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የመጽሐፍ ዓምዳችሁን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ አንድ ልመና ይዤ መጥቻለሁ። ከቴሌቪዥን ድራማ ለተወለዱ የወንጀል ልብ ወለዶችም ቦታ ስጡልን።

የዘንድሮን ገና ያሳለፍኩት «ኤ ሊትል ዩልታይድ መርደር» የተባለውን መጽሐፍ ለእናቴ ጮክ ብዬ በማንበብ ነው። እማዬ ዓይኗ ደክሟል። ዓይኗ ደህና በነበረበት ጊዜ መጽሐፉ የተወለደበት የቴሌቪዥን ድራማ «መርደር ሺ ሮት» ሲጀምር ከቴሌቪዥኑ ፊት የሚያስነሳት አልነበረም። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1996 ድረስ 264 ክፍል ተሠርቶለታል። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ጄሲካ ፍሌቸር ግድያ እየመረመረች ገዳዩን የምታጋልጥ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ናት። ገዳዩን ከጄሲካ ቀድማ ስታውቅ እማዬ ጭኗን መታ ታደርግ ነበር።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። ታሪኩ የሚሆነው እዚያው በምናውቃት በካቦት ኮቭ፣ በአሜሪካ ሜይን ግዛት ባለችው ልብ ወለድ ከተማ ነው። ገና ሊደርስ ነው። በየዓመቱ የገና አባት የሚሆንላቸው ገበሬ ተገድሎ ይገኛል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ላላነበበው ነውር ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ግድያው አይደለም። በቴሌቪዥን ጄሲካን የምናያት ከውጭ ነው። ነገሩ ሲገባት ፊቷ በርቶ ድንገት ዝም ትላለች። ምን እንደገባት ግን እስኪያልቅ አናውቅም። በመጽሐፉ ተራኪዋ ራሷ ናት። ሰውን ስትጠረጥር፣ በመጠርጠሯም ስታዝን አብረናት ነን። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እማዬ እጄን ያዝ አድርጋ «ድምፅዋ እኮ ነው!» አለችኝ። በድራማው ጄሲካን ሆና የተጫወተችውን አንጄላ ላንስበሪን ማለቷ ነው። ላንስበሪ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፋለች። እናቴ ግን ሳሎናችን ውስጥ ሰማቻት። ዶክተር ሴዝ ሄዝሊት ብቅ ባለ ቁጥርም «ያ ቁጡ ሐኪም መጣ» እያለች ትስቅ ነበር።

ሽፋኑ ላይ ያሉትን ስሞች ሳነብላት ደግሞ ግራ ገባት። ጸሐፊዎቹ «ጄሲካ ፍሌቸር እና ዶናልድ ቤይን» ይላል። «ሴትዮዋ በእውነት አለች እንዴ?» አለችኝ። የጻፈው ቤይን ነው። የፈጠራዋን ሴት አብራው እንደጻፈች አድርጎ ማስፈሩ ግን በጣም ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ «ቀላል» ተብሎ ሲታለፍ ይከፋኛል። በዓል ላይ ደም የማይረጭበት፣ ሰው ሻይ እየጠጣ የሚያወራበት፣ እውነቱም መጨረሻ ላይ የሚወጣበት ታሪክ መጻፍ ሙያ ይጠይቃል። አንባቢውም ጠንቃቃ ነው። ጄሲካ መኪና አትነዳም፤ ብስክሌቷን ነው የምትጋልበው። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የቤይን ተከታታይ የመጀመሪያው መጽሐፍ ግን መኪና ስትነዳ ተገኘች። አንባቢዎች ዝም አላሉም፤ በኋላ በታተመው ላይ ተስተካከለ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበብነው ሌሊት ነው። እማዬ ተኝታለች ብዬ መጽሐፉን ልዘጋ ስል «ቆይ፣ ገና ነው» አለችኝ። በማግስቱ ሌላ እንዳለ ጠየቀችኝ። በዚሁ ተከታታይ ከ50 በላይ መጻሕፍት አሉ። ስለዚህ የዓምዱ ጸሐፊ ከእነዚህ አንድ ሁለቱን አንብቦ የቱን እንደምናስቀድም ቢነግረን ትልቅ ውለታ ነው። እማዬ እየጠበቀች ነው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ