ሥዕሉን ባቡር በላው

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በጣም ተጠፋፍተናል። ሰሞኑን ግን አንድ መጽሐፍ አንብቤ ጨረስኩና ሆዴ ውስጥ የቀረውን ቅሬታ ካንተ በቀር ለማን ልንገረው?

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው የእንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የዶሮቲ ሴየርስ «ፋይቭ ሬድ ሄሪንግስ» (አምስት አሳሳች ፍንጮች እንደማለት) ነው። ሴየርስን ያስወደድከኝ አንተ ነህ፤ ስለዚህ በጉጉት ነው የጀመርኩት።

አጀማመሩ እንዴት ያምራል መሰለህ! ቦታው ስኮትላንድ ነው፣ ጋሎዌይ፤ ሠዓሊና ዓሣ አጥማጅ የሞላበት አገር። ካምቤል የሚባል ከሰው ሁሉ የሚጣላ ሠዓሊ ወንዝ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ከላይ የተወው ሥዕል ቀለሙ ገና አልደረቀም። አዳልጦት ወደቀ ተባለ። የሴየርስ መርማሪ ሎርድ ፒተር ዊምሲ ግን የሟቹን ዕቃ አንድ በአንድ ሲፈትሽ የሆነ ነገር ይጎድላል። ሴየርስ ምን እንደጎደለ አትነግረንም፤ አስተዋይ አንባቢ ራሱ ይደርስበታል ብላ ታልፈዋለች። ደስ አይልም? አንባቢን ማክበር ማለት ይሄ ነው።

የጎደለው የነጭ ቀለም ቱቦ ነው። ሥዕሉ ላይ ነጭ አለ፣ ቱቦው ግን የለም። ስለዚህ ሥዕሉን የሠራው ካምቤል አይደለም፤ ገዳዩ ነው፣ ሟቹ በሕይወት የነበረ እንዲመስል። (ይቺ ገና መነሻዋ ናት፣ አልተበላሸብህም።)

ከዚያ በኋላ ግን ምን ልበልህ! ስድስት ተጠርጣሪ፣ ስድስቱም ሠዓሊ፣ እኔ ደግሞ አንዱን ካንዱ መለየት አቃተኝ። ባቡሩ ስንት ሰዓት ተነሣ? የት ቆመ? ትኬቱን ማን በሳው? ብስክሌቱስ እንዴት እዚያ ደረሰ? ፖሊሶቹም ተራ በተራ እየተነሡ እያንዳንዳቸው ሌላ ሰው ይወነጅላሉ፤ የአንዱን ሳልጨርስ የሌላው ይጀምራል። ሠዓሊ ሠዓሊን ለምን እንደሚጠላ፣ የሌላውን እጅ አስመስሎ መሣል ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ፣ እሱን ነበር ማንበብ የፈለግኩት። ገዳዩ ሲታወቅ እንኳ ቅር አላለኝም፣ አልደነቀኝምም። ሰውየውን መች አወቅኩትና!

መጨረሻ ላይ ዊምሲ ራሱ ገዳዩን ሆኖ ወንጀሉን ከፖሊሶቹ ጋር ይደግመዋል። አንተ አንብበኸው ከሆነ፣ እዚያ ጋ ሰዓቱ ሁሉ ገጠመልህ? እስቲ ጻፍልኝ። ቀጥሎ የትኛውን ላንብብ የሚለውንም አብረህ ንገረኝ።

አክባሪ ወዳጅህ