ግልጽ ደብዳቤ ለግብርና ሚኒስቴር፦ የገብስ ቅጠል በሽታም እንደ ስንዴ ዋግ ይቃኝ

ለግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ በስንዴያችን ላይ ብርቱ ጉዳት ካደረሰ በኋላ፣ ባለሙያዎች ከማሳ የሚሰበስቡት መረጃ ከአየር ትንበያ ጋር ተዳምሮ በሽታው ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ የሚጠቁም ሥርዓት መዘርጋቱ የሚያኮራ ሥራ ነው። በዚያው ደጋ፣ ብዙ ጊዜም በአንዱ ገበሬ ይዞታ ላይ ከስንዴው ጎን የሚበቅለው ገብስ ግን የዚህን ያህል ጠባቂ የለውም። ሥርዓቱ ገብስንም እንዲያካትት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በአርሲ፣ በባሌ፣ በሰሜን ሸዋና በጎጃም ደጋዎች ገብስን አጥብቀው ከሚጎዱት የፈንገስ በሽታዎች መካከል ስካልድና ኔት ብሎች ይገኛሉ። ስካልድ ውኃ የነካው የሚመስል ግራጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምርና መሐሉ እንደ ገለባ ነጥቶ ጠርዙ ይጠቁራል፤ ኔት ብሎች ደግሞ በቅጠሉ ላይ ቡናማ መረብ የተዘረጋ ያስመስለዋል። ሁለቱም ከተበከለ ዘርና ካለፈው ዓመት የሰብል ቅሪት ይነሣሉ፤ በተለይ ስካልድ በክረምቱ ብርድና እርጥበት የዝናብ ጠብታ እያፈናጠረው ከታችኛው ቅጠል ወደ ላይኛው ይወጣል። የላይኞቹ ቅጠሎች ከደረቁ ፍሬው ይጫጫል፤ የብቅል ገብስ ላመረተ ገበሬ ደግሞ የጫጫ ፍሬ ማለት ገዢው የማይቀበለው ምርት ማለት ነው።

ስለዚህ የስንዴ ዋግን ለመቃኘት የሚወጣው ባለሙያ የገብሱንም ቅጠል አይቶ ይመዝግብ፤ ለዚህ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። ማስጠንቀቂያው ለልማት ሠራተኛው መድረስ ያለበት በሽታው ገና ከታችኛው ቅጠል ሳያልፍ ነው፤ ላይኛው ቅጠል ከነደደ በኋላ የሚረጭ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት፣ ፕሮፒኮናዞልም ሆነ ቴቡኮናዞል፣ የገበሬውን ገንዘብ ከመጨረስ በቀር የጠፋውን ቅጠል አይመልስም። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ወገን ኬሚካሎች በመሆናቸው፣ አንዱን በሌላው እየተኩ ዓመት በዓመት መርጨት ፈንገሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ መንገድ ይከፍታል፤ በሥልጠናችሁ ይህ በግልጽ ይነገር።

ከርጭቱ በፊት ግን ዘሩ ይቅደም። ለገበሬው የሚከፋፈለው የገብስ ዘር ከበሽታ ነጻ መሆኑ ተመርምሮ፣ አስፈላጊም ሲሆን በመድኃኒት ታሽቶ ይቅረብለት፤ ገብስ በገብስ ላይ ከመዝራት ይልቅ በባቄላ ወይም በአተር እንዲያፈራርቅም የጥራጥሬ ዘር በወቅቱ ይድረሰው። ብዙ የአውሮፓ የገብስ ዝርያዎች ነጭ ዱቄት የሚመስለውን የቅጠል በሽታ የተቋቋሙት ከኢትዮጵያ ነባር ገብስ በተገኘ ባሕርይ ነው፤ ያንን ገብስ ጠብቆ ያቆየው የደጋ ገበሬ የራሱን ማሳ የሚጠብቅበት መረጃ ሊነፈግ አይገባም።

የቅኝት መመዝገቢያው ቅጽ ገብስን ጨምሮ ከሰኔ ዘር በፊት ለወረዳዎች እንዲደርስ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ