በዜናና በማስታወቂያ ዝምድና በትክክል ይገለጽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሕይወት ታሪክና በሐዘን መግለጫ ዓምዶች ላይ «ሁለት ልጆችና አንድ ሴት ልጅ ትተው አልፈዋል» የሚል አጻጻፍ አልፎ አልፎ ይነበባል። ሴቷ ከልጆቹ ቁጥር ወጥታ ለብቻዋ መጠቀሷ ያሳዝናል። «ልጅ» ለወንድም ለሴትም የጋራ ቃል ነው። ጾታ መለየት ካስፈለገ «ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ» ይባላል፤ ካላስፈለገ «የሦስት ልጆች አባት» ይበቃል። ነገሩ የአክብሮት ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሟች ያለ ኑዛዜ ከሞተ ቀድመው የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ወንድም ሆኑ ሴት ድርሻቸው እኩል ነው። ጋዜጣ «ልጆች» የሚለውን ለወንዶች ብቻ ካዋለ፣ የወራሽነት ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ማን እንደተቆጠረና ማን እንደቀረ መጠራጠሩ አይቀርም።

ከዚሁ ጋር «ልጃገረድ» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቃሉ ያላገባችና ወንድ ያላወቀች ማለት ስለሆነ «ወጣት ሴት» በሚለው ቦታ አይገባም። በተለይ በጥቃት ዜና ላይ ሲጻፍ ማንንም የማይመለከት የግል ጉዳይ አደባባይ ያወጣል። ዕድሜዋን መጥቀስ፣ ወይም «ታዳጊ» ማለት ይሻላል።

ትልቁ ችግር ያለው በጋብቻ ዝምድና ላይ ነው። ግዕዝ የትዳር ጓደኛን አባት «ሐም»፣ እናትን «ሐማት» እያለ ይለያል፤ አማርኛ ሁለቱንም «አማት» ይላል። በንግግር ግሡ ጾታውን ስለሚያሳይ ችግር የለውም። በአንቱታ ሲጻፍ ግን «አማታቸው ተገኝተዋል» የሚለው ሰውዬውን ይሁን ሴትዮዋን አይናገርም። «ባለቤታቸው» የሚለውም እንዲሁ ባልንም ሚስትንም ይሸፍናል። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ አንባቢ የማን አባት ወይም እናት እንደተነገረ ማወቅ ያቅተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከስሙ በፊት «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» አይቅር፣ ወይም «የሚስታቸው አባት»፣ «የባላቸው እናት» ተብሎ ይዘርዘር።

«አማች» የሴት ልጅ ባል ነው፤ በብዙ ቦታ የእህት ባልም በዚሁ ይጠራል። «ምራት» የወንድ ልጅ ሚስት ናት። «ዋርሳ» ደግሞ ከሁለቱም ወገን የሚሠራ ቃል ነው፤ ሚስት የባሏን ወንድም፣ እሱም የወንድሙን ሚስት ዋርሳዬ ይላሉ። ይህ ቃል ከጋዜጣ ገጽ እየጠፋ በምትኩ «ወንድሟ» ወይም «አማቷ» መጻፉ ትክክል አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 9 ወንድ የሚስቱን እህት፣ ሴትም የባሏን ወንድም እንዳያገቡ ይከለክላል፤ ዝምድናውን የሚያዛባ ዘገባ እንዲህ ያለውን ክርክር ጨርሶ የማይገባ ያደርገዋል።

የአጎት ልጅን «ወንድም» ብሎ መጥራት የፍቅር አጠራር ነው፣ ማንም አይቃወመውም። በፍርድ ቤት ማስታወቂያ ላይ ግን የውርስ ተራ ያዛባል። ሟች ልጅም ወላጅም ከሌለው ወንድሞችና እህቶች በወላጆቻቸው ቦታ ተተክተው ይወርሳሉ፤ የአጎትና የአክስት ልጆች ግን የሚደርሳቸው በወላጆች በኩል ተተኪ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ «የአባቱ ወንድም ልጅ»፣ «የእናቱ እህት ልጅ» ተብሎ እስከ መጨረሻው ይጻፍ። የውጭ ዜና ተርጓሚዎችም «ካዝን» ብለው ከመገላገል በየትኛው ወላጅ በኩል እንደሆነ ምንጩን ቢመረምሩ መልካም ነው። ካልታወቀ «ዘመድ» ማለት በቂ ነው።

የእንጀራ ልጅና የጉዲፈቻ ልጅም አይቀላቀሉ። የእንጀራ ልጅ ባል ወይም ሚስት ከሌላ የወለዱት ልጅ ነው፤ ዝምድናው የጋብቻ ስለሆነ ኑዛዜ ከሌለ አይወርስም። የጉዲፈቻ ልጅ ግን በውርስ እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል፣ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። «አሳደጉት» ብሎ ብቻ መጻፍ የትኛው እንደሆነ አይነግርም።

«ሞግዚት» በቤት ውስጥ ልጅ የምትጠብቅ ሠራተኛ ናት፤ በቤተሰብ ሕጉ ግን አካለ መጠን ያላደረሰውን ልጅ በንብረት ጉዳይ የሚወክል ሰው ነው። የልጁን ኑሮና ጤና የሚከታተለው «አሳዳሪ» ይባላል። በችሎት ዜና ላይ ሁለቱን ማለዋወጥ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር የተወሰነውን፣ ገንዘቡን ማን እንደሚያስተዳድር ከተወሰነው ጋር ያምታታል።

ዘጋቢ ከቤተሰብ መረጃ ሲወስድ ዝምድናው በደም ነው ወይስ በጋብቻ፣ በእናት በኩል ነው ወይስ በአባት፣ ወንድማማቾች ከሆኑም በሁለቱም ወላጅ ይገናኛሉ ወይስ በአንዱ ብሎ ይጠይቅ። የሟችን ስም ጽፎ ከእሱ ወደ ዘመዱ የሚወስደውን መስመር በወረቀት ቢያሰምር ስሕተቱ ሳይታተም ይያዛል። «የልጅ ልጅ» የሚለውም በወንድ ልጅ በኩል ይሁን በሴት አይናገርም፤ ጉዳዩ የውርስ ከሆነ «የልጃቸው የእገሊት ልጅ» ተብሎ የእናትየዋ ስም ይጠቀስ።