በወሎ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች የባሕርይ ድጋፍ እንዲሰፋና እንዳይቋረጥ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በወሎ ለምትኖሩ ወላጆች፣ መምህራንና የቅሬ (የዕድር) አባላት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ፣ በዐረብ አገሮችና በሌላውም ዓለም ለምትገኙ የወሎ ተወላጆች በሙሉ፦

ይህን ጥሪ የምናቀርብላችሁ በደቡብ ወሎ በሚገኙ ጥቂት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪን በአርጩሜና በማንበርከክ ሳይሆን በማስተማርና በመከታተል የማረም ሥራ የጀመርን መምህራን፣ ወላጆችና ጡረታ የወጣን የትምህርት ባለሙያዎች ነን። ሥራው አዎንታዊ የባሕርይ ድጋፍ ይባላል። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አልጠየቀንም፤ ለማቆየትና ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ለማድረስ ግን ይጠይቃል።

ምን እንደምንሠራ በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። ከትምህርት ቤቶቹ በአንዱ ጠብ በተነሣ ቁጥር ዩኒት መሪው የተጣሉትን ልጆች ቢሮ ጠርቶ ይቀጣና «ወላጅ ይዛችሁ ኑ» ብሎ ይሸኛቸው ነበር። መዝገብ መያዝ ሲጀመር ግን እያንዳንዱ ጠብ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በእነማን መካከልና ከምን ቀጥሎ እንደተነሣ በአንድ መስመር መጻፍ ግድ ሆነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገጾቹን ያገላበጠ ሁሉ ያየው አንድ ነገር ነው፤ አብዛኛው ጠብ የሚነሣው በዕረፍት ሰዓት፣ ውኃ ከሚወርድበት ብቸኛ ቧንቧ አጠገብ ነበር። ትንንሾቹ ሲገፈተሩ ያለቅሳሉ፣ ታላላቅ ወንድሞቻቸው ይደርሱላቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሁለት ሰፈር ጠብ ይሆናል። መምህራኑ ቅጣቱን አላከበዱም። የታችኞቹ ክፍሎች ቀድመው ለዕረፍት እንዲወጡ አደረጉ፣ ከቧንቧው ፊት ለፊት በኖራ መስመር አሰመሩ፣ አሰላለፉንም እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ ለየክፍሉ አስተማሩ፣ አለማመዱም። ጠብ ከነአካቴው ጠፋ አንልም፤ ዩኒት መሪው ግን በዕረፍት ሰዓት ሻዩን ተቀምጦ መጠጣት ችሏል።

አሠራሩ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ሱጋይ፣ ሮበርት ሆርነርና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በአገሪቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ውስጥ በስም ተጠቅሶ ገብቷል። በሜሪላንድ ግዛት በ37 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናትም፣ በዕጣ ተመርጠው ሥልጠናውን በወሰዱትና ሥራ ላይ ባዋሉት ትምህርት ቤቶች በጥፋት ምክንያት ወደ ቢሮ የሚላኩና ከትምህርት የሚታገዱ ተማሪዎች መቀነሳቸውን አሳይቷል። የእኛ ክፍሎች ከእነሱ ይልቅ የተጨናነቁ ናቸው፤ መዝገባችንም ኮምፒውተር ሳይሆን ደብተር ነው። መነሻ ሐሳቡ ግን ደብተርም ሆነ ኮምፒውተር አይለይም፦ ማንኛውም ባሕርይ የሚቀድመው ምክንያትና የሚያስገኘው ጥቅም አለው፤ ሁለቱ ካልታወቁ ቅጣቱ ጥፋቱን ለአንድ ቀን ያስቆመዋል እንጂ አያርመውም።

ድጋፉ ሦስት እርከኖች አሉት። የመጀመሪያው ለሁሉም ተማሪ የሚሰጥ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከ3 እስከ 5 የሚደርሱ አጫጭር መመሪያዎችን «አትረብሽ፣ አትሳደብ» በማለት ሳይሆን ተማሪው ምን ማድረግ እንዳለበት በሚናገር ቃል ያወጣል፣ በክፍል፣ በሰልፍ፣ በሜዳና በመጸዳጃ ቤት እንዴት እንደሚፈጸሙ በተግባር ያሳያል፣ በትክክል የፈጸመውንም ስሙን ጠርቶ ያመሰግናል። ይህ በአግባቡ ከተሠራ ከ100 ተማሪዎች 80 ያህሉ ሌላ እንደማያስፈልጋቸው ይገመታል። 15 ለሚሆኑት ተጨማሪ ክትትል ይደረጋል፤ ተማሪው ጠዋት ሲገባና ሲወጣ ከአንድ መምህር ጋር ለአፍታ እየተገናኘ የዕለት ውሎውን በካርድ ያስሞላል። የቀሩት 5 ያህሉ ለየብቻቸው ከወላጆቻቸው ጋር የሚዘጋጅ ዕቅድ ይሻሉ፤ ብዙ ሰዓትና ብዙ ትዕግሥት የሚወስዱት እነዚህ ናቸው።

በወሎ ይህ ሦስተኛው እርከን በተለይ ይከብዳል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ዛሬ በየክፍሉ የምናስተምራቸው ልጆች ገና ትንንሾች ነበሩ። ከሰሜን የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ከርመዋል፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ አካባቢዎች መማር ማስተማሩ ተቆራርጧል። በር በኃይል ሲዘጋ የሚበረግግ፣ ጓደኛው ሳይነካው ቀድሞ የሚማታ ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ በዱላ ማረም የፈራውን ነገር ትምህርት ቤትም ድረስ አምጥቶ ማሳየት ነው።

«እኛስ ተገርፈን አይደለም ያደግነው?» የሚሉን ወላጆች አሉ። ጥያቄያቸውን አናቃልልም፤ ልጁ ከእጃቸው እንዳይወጣ የሰጉ ናቸውና። ሆኖም ዱላ ይቅር ማለት ጥፋት ይታለፍ ማለት አይደለም። ዴስክ የሰበረ ተማሪ ከወላጁ ጋር ሆኖ ይጠግናል፣ የተሳደበ በተሳደበበት ቦታ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የቀማ ይመልሳል። ወሎ ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ አበጋሮች ደም የተቃቡ ወገኖችን ሲያስታርቁ ካሳ ያስከፍላሉ፣ ዕርቁንም በዱዓ ያጸናሉ እንጂ በዳዩን ገርፈው አይሸኙም። ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ዱላውን እንዲጥል የተነገረው መምህር ግን በምትኩ ምን እንደሚይዝ ተቀምጦ ያሳየው ሰው እምብዛም አላገኘም።

ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ይሞክረዋል፤ ክፍሉ ሲታወክ አጠገቡ ሆኖ የሚያይለትና የሚያርመው ባልደረባ ከሌለ ወደ ለመደው ይመለሳል፣ አንፈርድበትምም። በዚያ ላይ በየክረምቱ ዝውውር አለ፤ የሠለጠነው መምህር ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፣ ርእሰ መምህሩ ይቀየራል፣ መዝገቡም ከመደርደሪያ ሳይወርድ ዓመቱ ያልፋል። ሥራ የሚሞተው በዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፤ ለጋሽ የሚበዛው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በመክፈቻው ቀን ነው።

ስለዚህ ከሚሰበሰበው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የተከታታዮች መጓጓዣና የውሎ አበል ነው። ተከታታይ የምንለው ልምድ ያለው መምህር በወር ሁለት ጊዜ በየትምህርት ቤቱ እየተገኘ ክፍል ገብቶ ያያል፣ ከመምህሩ ጋር ይነጋገራል፣ መዝገቡንም ከትምህርት ቤቱ ቡድን ጋር ያገላብጣል። ከደሴ ኩታበር ሄዶ መመለስ ቀላል ነው፤ በተንታና በደላንታ ገጠር ግን መኪና ካቆመበት በእግር የሚቀጥል መንገድ፣ አድሮም መመለስ አለ። ቀሪው በየዓመቱ መስከረም ሳይጠባ ለአዲስ ገቢ መምህራን ለሚሰጥ ሥልጠና፣ ለመዝገብና ለካርድ ኅትመት፣ መመሪያዎቹም በግድግዳ ላይ ለሚጻፉበት ቀለም ይውላል። ዕቅዳችን አሁን ያሉትን ሳንለቅ በየዓመቱ አንድ አዲስ የጉድኝት ማዕከል፣ ማለትም በአንድነት የሚሠሩ የተጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ መጨመር ነው፤ ካቅማችን በላይ ተንጠራርተን የያዝነውን ከምናጣ አዝጋሚ መባልን መርጠናል።

ለተማሪዎች ሽልማት የሚሆን ከረሜላና እስክሪብቶ እንግዛ ያሉን ደጎች ነበሩ። አመስግነናቸዋል፣ ለዚያ ግን ገንዘብ አንሰበስብም። ደወል መደወል፣ ባንዲራ መስቀል፣ በሚኒ ሚዲያ ስም መጠራት ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ከከረሜላ ይበልጣል፤ ወጪም የለውም።

የምንለምናችሁ ለአንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ብር ይልቅ ለሦስት ዓመት የማይቋረጥ ጥቂት ነው። የቅሬ ዳኞች በወርኃዊው መዋጮ ላይ አባላት በፈቃዳቸው የሚጨምሩትን ትንሽ ገንዘብ እንዲያስመዘግቡልን እንጠይቃለን፤ ለሐዘንና ለቀብር ተብሎ የተቀመጠው የቅሬው ገንዘብ ግን አይነካም። ዐረብ አገር ያላችሁ እኅቶቻችን በየወሩ ለቤተሰብ ከምትልኩት ላይ ልጃችሁ ለሚማርበት ትምህርት ቤት ብላችሁ የምትለዩት ካለ፣ ቤተሰባችሁ በስማችሁ ሊያስመዘግብ ይችላል። ገንዘብ የሌለው ሰው ሌላ ብዙ ነገር አለው፤ ጡረታ የወጣ መምህር ጊዜውን፣ ማተሚያ ቤት ያለው ወረቀቱን፣ ሾፌሩ ለተከታታዩ የመኪና ወንበር፣ የሃይማኖት አባቶችና ሼሆችም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አንድ ቃል ቢሰጡን ከገንዘብ እኩል እንቆጥረዋለን።

ገቢውና ወጪው በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ በትምህርት ቤቶቹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ በወላጆች ስብሰባም ይነበባል። ገንዘብ የሚወጣው የርእሰ መምህሩ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ ሰብሳቢና የአንድ የቅሬ ዳኛ ፊርማ ሲሟላ ብቻ ነው። ከመስጠቱ በፊት ማየት የሚፈልግ በማንኛውም የትምህርት ቀን መጥቶ መዝገቡን ሊያገላብጥ ይችላል፤ የተማሪዎች ስም ግን በቁጥር ተተክቶ ስለሚጻፍ የማንም ልጅ ጥፋት ለማንም አይታይም። በትምህርት ቤቱ ማኅተም የተመታ ደረሰኝ ሳትቀበሉ በዚህ ሥራ ስም ለማንም ገንዘብ እንዳትሰጡ አደራ እንላለን።